የእትዬ ሀ አፍንጫ

እትዬ ሀን የሚወድ ተማሪ በዚያ ኮሌጅ ውስጥ አልነበረም፤ እሷም ብትሆን ፍቅራቸውን ለምና አታውቅም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የእንጨት ወንበሯን ከጥበቃ ክፍሉ አውጥታ ዋናው በር ላይ ትቀመጥና ከከተማ የሚመለሰውን ሁሉ አንድ በአንድ ታስቆማለች። «ሀ በል!» ትላለች። «ሀ በይ!» ትላለች። አንደኛ ዓመት ሆነ ተመራቂ፣ አፉን ከፍቶ ፊቷ ላይ «ሀ» ሳይል የሚያልፍ የለም። «ቀን ሙሉ ተምረን ማታ ተመልሰን ከሀ እንጀምራለን» ይላሉ ተማሪዎቹ። ቅጽል ስሟም ከዚያው ወጣ። እናቷ ያወጣችላትን ስም ግቢው ውስጥ የሚያውቅ ቢኖር ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው።

የምትፈልገው ትንፋሻቸውን ነው። የኮሌጁ የሥነ ምግባር መመሪያ ጠጥቶ ግቢ የገባን ተማሪ ለአንድ ዓመት ያግዳል። መመሪያውን የጻፈው የሕግ መምህሩ ነው፤ ከአንቀጽ ሌላ ወሬ ስለማያውቅ ሰው ሁሉ «አንቀጽ» ይለዋል። እውነቱን ለመናገር፣ መመሪያው ከመውጣቱ በፊት ግቢው የቂም መወጫ ነበር። ጥበቃው ሲጋራ የነሳውን፣ መምህሩ ክፍል ውስጥ የተከራከረውን፣ ልጁ ፍቅረኛውን የቀማውን ጓደኛውን «ሰክሮ አየሁት» እያለ ያስቀጣ ነበር። አንቀጽ ይህን በር ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። በመመሪያው አንቀጽ አሥራ አንድ ላይ «ተማሪው መጠጣቱ የሚረጋገጠው በበር ተቆጣጣሪዋ የማሽተት ምስክርነት ብቻ ነው» ብሎ ጻፈ። «ብቻ» የምትለዋን ቃል እንደ መጀመሪያ ልጁ ይወዳታል፤ በየስብሰባው ሳያነሳት አይውልም።

አፍንጫዋ ደግሞ በሹመት የተገኘ አይደለም። ወጣትነቷን የጨረሰችው ቢራ ፋብሪካ ነው፣ ጠርሙስ ማጠቢያው ክፍል። ከየመጠጥ ቤቱ የሚመለሰው ባዶ ጠርሙስ ወደ ማጠቢያው ከመግባቱ በፊት በሴቶች አፍንጫ ሥር ያልፍ ነበር። ሰው በቢራ ጠርሙስ የማይሠራው ጉድ የለም፤ ላምባ ይቀዳበታል፣ የቀለም ማቅጠኛ ያስቀምጥበታል፣ የተባይ መርዝ ይበጠብጥበታል። እንዲህ ያለው ጠርሙስ ቢታጠብም አይድንም። ሴቶቹ ጠርሙሱን ብድግ አድርገው ያሸቱና ደህናውን መስመሩ ላይ ይመልሳሉ፣ ክፉውን ይሰብራሉ። ክፉ ጠርሙስ ያመለጣት ሴት ተግሣጽ ብቻ ይደርስባታል። እያወቀች ያሳለፈች ግን ዳግም መስመሩ አጠገብ አትቆምም፤ ሴቶቹ ራሳቸው አያስቆሟትም። እትዬ ሀ ከሁሉም ትበልጥ ነበር። ጠርሙሱ ገና ደረቷ ጋ ሳይደርስ ታውቀዋለች። በኋላ የሚያሸት ማሽን ተገዛ፤ ሴቶቹ ተሰናበቱ። የዚያን ጊዜው የኮሌጁ ዲን የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ወዳጅ ነበርና፣ የድመት ግልገል እንደሚለምን ጎረቤት «ከእነሱ አንዷን ለእኔ ስጠኝ» አለው። እንዲህ ሆና ነው ግቢው የገባችው።

ካቻምና ጉንፋን ያዛት። ሰው ሁሉ የሚይዘው ጉንፋን ነው፤ አሳሰላት፣ አስተኛት፣ ለቀቃት። ሲለቃት ግን ሽታን ይዞባት ሄደ። መጀመሪያ ሳሙናው የረከሰ መሰላት። ቀጥሎ ምግቡ ሁሉ ወረቀት ወረቀት አላት። ሥራ በገባችበት ቀን የመጀመሪያው ተማሪ አፉን ከፍቶ «ሀ» ሲላት ሙቀት ብቻ ፊቷን ነካት። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ፤ ሙቀት ብቻ። እንደ መስኮት የተከፈተ አፍ እያየች ደነገጠች። ለማንም አልተናገረችም።

አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል፤ የእሷ ዓይን ግን አላለቀሰም፣ የአፍንጫውን ሥራ ቀማ። የቀላ ዓይን ትፈልግ ጀመር። የሚንገዳገድ እግር፣ ያለ ምክንያት የሚስቅ አፍ፣ ማስቲካ የሚያኝክ መንጋጋ። ማስቲካ ያኘከ ሁሉ የሚደብቀው አለው ብላ ወሰነች። «ሀ በል!» ትልና ዓይኑን ታያለች፤ ትንፋሹን ለወጉ ያህል ትስባለች። አንዳንዱ እውነትም ጠጥቶ ስለሚገኝ ራሷን አመነች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፤ ታውቃለች፣ ግን አታውቅም። ተማሪዎቹም እንደበፊቱ ይፈሯትና ይጠሏት ስለነበር ምንም የተለወጠ ነገር የለም ብላ ደመደመች።

በዚህ መሃል ቀያሿ መጣች። ሦስተኛ ዓመት የቅየሳ ተማሪ ናት፤ ረዘም ቀጠን ያለች፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ ሰው ስታይ ርቀቱን የምትለካ የሚመስል ዓይን ያላት። ያን ዕለት አመሻሽ ባለ ሦስት እግሩን የመለኪያ መሣሪያ ማቆሚያ ተሸክማ በሩ ላይ ደረሰች። ዓይኗ ደም መስሏል። ማቆሚያውን ስታወርድ ተንገዳገደችና ግድግዳውን ያዘች። አፏ ውስጥ ማስቲካ ነበር።

«ሀ በይ!» አለች እትዬ ሀ።

«ሀ።»

«ጠጥተሻል።»

«ምን?»

«ጠጥተሻል አልኩሽ። ቁሚ እዚያ ጋ!»

ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነው። እትዬ ሀ ግን ሳቁን ለክሱ ጨመረችው። «በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም፣ እትዬ» አለች ቀያሿ፣ «ደግመው ያሽትቱኝ፤ እባክዎ።» እትዬ ሀ ደግማ አላሸተተችም። ምን ብላ ትደግማለች? «አንዴ ተናግሬያለሁ!» ብላ ጮኸች፤ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ በሚባልበት አገር እንደማንኛውም ሰው። ቀያሿ ታገደች። ይግባኝ አለች። የኮሌጁ ቦርድም በዓመቱ ብዙ ተማሪ መታገዱ ያሳስበው ነበርና «እስቲ መጀመሪያ መመሪያው ራሱ ይገምገም። ደህና ከሆነ እገዳው ይጽናና ልጅቷ ዓመቱን ውጭ ትቆይ፤ ደህና ካልሆነ ትመለስ» ብሎ ኮሚቴ አቋቋመ።

እትዬ ሀ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ከሆነችው ታናሽ እህቷ ጋር ነው። የግምገማው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ለምድጃው ጀርባዋን ሰጥታ የካልሲ ቀዳዳ ስትጠቅም እህቷ በሩን በርግዳ ገባች።

«አንቺ! ድስቱ ከሰል ሆኗል እኮ! ሽታው መንገድ ድረስ ወጥቷል፣ አይሸትሽም?»

እትዬ ሀ ዞር ብላ ድስቱን አየችው። ሽንኩርቱ ጠቁሮ፣ ጢሱ ጣሪያውን ነክቶ ነበር።

«ጉንፋን ይዞኛል።»

«ካቻምና የያዘሽ ጉንፋን? እኔን እንኳ አታሞኚኝ።» እህቷ ድስቱን አንስታ ደጅ ወረወረችው። «ንገሪያቸው። ቤተ መጻሕፍት ያዛውሩሽ፣ ጽዳት ያዛውሩሽ። ሰው ነሽ፣ ታመምሽ፤ ምን ነውር አለው?»

«ምን ብዬ ልንገራቸው? አፍንጫዬ ሞተ ብዬ? መልክ አልሰጠኝ፣ ትምህርት አልሰጠኝ፣ ባል አልሰጠኝ፤ የሰጠኝ አንድ ነገር እሱ ነው። እሱን አስረክቤ መጥረጊያ ልያዝ?»

«የሰው ልጅ በግምት ከምታስቀጪ ያዢዋ!»

«ግምት አይደለም፣ ዓይን አለኝ!»

«ዓይንሽ ቢያይማ ኖሮ ድስቱን ታዪው ነበር» አለች እህቷ። ያን ዕለት ራት አልተበላም፤ ሁለቱም ተኳርፈው ተኙ።

በማግስቱ ኮሚቴው የዲኗ ቢሮ ውስጥ ተቀመጠ። ሦስት ናቸው፤ አዲሷ ዲን፣ አንቀጽ፣ የተማሪዎች ተወካይ። ዲኗ ኮሌጁን ከተረከበች ወዲህ ፈገግ ስትል ያያት የለም። ተወካዩ እትዬ ሀን ሲያይ ከንፈሩን ነከሰ፤ አንደኛ ዓመት እያለ ስድስት ሰው ፊት አፉን አስከፍታ «ጥርስህን ታጠብ» ብላው ነበር። ቀያሿ ጥግ ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ክፍሉ ውስጥ አንዱ ለሌላው ደህና የሚመኝ ሰው አልነበረም።

«አንድ ሙሉ መመሪያ በአንድ ሰው አፍንጫ ላይ ቆሟል» ብላ ጀመረች ዲኗ። «ይሄ ለእኔ ቀልድ ነው።»

«ቀልድ ነው?» አንቀጽ ብድግ አለ። «ከዚህ መመሪያ በፊት እዚህ ግቢ ማን ማንን እንደሚከስ ያውቃሉ? አሥራ አንድን ንኩትና ተመልሰን እንጫረሳለን! ደግሞ እኝህ ሴትዮ ተራ ሰው አይደሉም፤ ፋብሪካ የመሰከረላቸው ናቸው።»

«የዛሬ ስንት ዓመት?» አለ ተወካዩ።

«ይፈተኑ!» አለ አንቀጽ፤ ጉንጩ ቀልቷል። «እዚሁ፣ አሁን!»

እትዬ ሀ ወንበሯ ላይ ደርቃ ቀረች። አንቀጽ ግን ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ጸሐፊዋ ሦስት ብርጭቆ ይዛ ገባች፤ ሦስቱም እንደ ውሃ ጥርት ያሉ። አንዱ ውሃ፣ አንዱ ኮምጣጤ ጠብ ያለበት ውሃ፣ አንዱ ጂን። እትዬ ሀ የመጀመሪያውን አንስታ አፍንጫዋ ጋ አደረሰችው። ምንም። ሁለተኛውን አነሳች፤ ምንም። ሦስተኛውን ስታነሳ ብርጭቆው እጇ ላይ ዞር አለና ፈሳሹ አብሮ ዞረ። ያኔ አየችው። የብርጭቆው ግድግዳ ላይ የወጣው ፈሳሽ ቶሎ አልወረደም፤ ተንጠባጥቦ፣ ዘይት የነካው ይመስል እየተጎተተ ወረደ። በጠርሙስ መሃል ያረጀች ሴት አልኮል ከውሃ ይልቅ ብርጭቆ ላይ እንደሚቆይ ታውቃለች።

«ይሄ መጠጥ ነው» አለችና ጠረጴዛው ላይ ቀጭ አደረገችው።

አንቀጽ አጨበጨበ። ዲኗ እስኪርቢቶዋን አስቀመጠች። «እሺ» አለች፣ ተሸንፋ ሳይሆን ሰልችቷት፣ «ውጭ ይጠብቁን፣ እንጨርስ።»

እትዬ ሀ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ተነፈሰች። አፍንጫቸውን ይላሱ! አለች በልቧ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየላትም። መጠጡን ስታስቀምጥ ከጥግ የቀያሿን ዓይን አይታለች። ልጅቷ ያየችው አፍንጫዋን አልነበረም፤ ብርጭቆ ያዞረውን እጇን ነበር። ነገሩ ከነከናት። ብታይስ ምን ታመጣለች? አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ልጅቷ ታግዳለች፣ መመሪያው ጸንቷል፣ አበቃ።

በሩ ተከፈተ። «ይግቡ» አላት ተወካዩ። ፊቷን አላየም።

ስትገባ ቀያሿ ክፍሉ መሃል ቆማ ነበር። ዲኗ አገጯን በእጇ ደግፋለች። አንቀጽ ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

«ተማሪዋ አንድ ነገር ጠይቃለች» አለች ዲኗ። «ደግመው እንዲያሸቷት ትፈልጋለች። ይኼው ነው።»

«እኛ መስክ ከመውጣታችን በፊት መሣሪያውን እንፈትሻለን» አለች ቀያሿ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ትላንት ደህና ስለነበረ ዛሬም ደህና ነው አንልም። ደግመው ያሽትቱኝ ብዬ ያን ዕለት ለምኜዎት ነበር። ዛሬ ያሽትቱኝ፣ እትዬ።»

ተጠግታ መጣች። እስከ ዛሬ ማንም ተማሪ በገዛ ፈቃዱ እንዲህ ተጠግቷት አያውቅም። አፏን ከፈተች። «ሀ» አለች፤ ረጅም «ሀ»።

እትዬ ሀ ሙቀቱ ፊቷን ነካት። የልጅቷን ዓይን አየች፤ ነጩ ነጭ ነው። እግሯን አየች፤ እንደተተከለ ችካል ቆሟል። ማስቲካ የለም። ልቧ ትንሽ ራራ። ያሸነፈ ሰው መራራት አይከብደውም። ይቅርታ ፈልጋ ነው፣ አለች በሆዷ፣ ዛሬ እንኳ ንጹህ መሆኗን ከአፌ ልትሰማ።

«ንጹህ ነሽ፣ ልጄ» አለች።

ዲኗ ዓይኗን ጨፈነች። እትዬ ሀ ግራ ገብቷት ወደ ጠረጴዛው ዞረች፤ ሦስቱ ብርጭቆዎች እዚያው ናቸው። ሁለቱ እንደሞሉ ናቸው። ጂኑ የነበረበት ባዶ ነው።

«እርስዎ ኮሪደር ላይ እያሉ ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው» አለ ተወካዩ። «ሦስታችንም ፊት። እኔ ከዚህ ተቀምጬ ይሸተኛል።»

እትዬ ሀ ወደ ልጅቷ ዞረች። ቀያሿ አሁን ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ የመጠጡ ማቃጠል ይሁን ሌላ አይታወቅም። «የመጀመሪያዬ ነው» አለች፣ «አልጠጣሁም ብዬ ለማስረዳት መጠጣት ነበረብኝ።»

አንቀጽ ግን ሞቶም የሚከራከር ሰው ነው። «ቆይ፣ ቆይ! አንድ በአንድ! ይህች ልጅ አሁን፣ በኮሌጁ ግቢ፣ በሥራ ሰዓት ጠጥታለች! ያ ክስ ቢወድቅ እንኳ ይኼኛው አዲስ ጥፋት ነው!»

«ማስረጃው?» አለ ተወካዩ፤ ጥርሱን ፈገግ አደረገ። «ማየት አይቆጠርም፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት የጻፉት። የበር ተቆጣጣሪዋ የማሽተት ምስክርነት ብቻ። ብቻ!»

አንቀጽ የገዛ ልጁ የነከሰችው ይመስል ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከዚያ ወደ እትዬ ሀ ዞሮ ድምፁን አለሰለሰ። እሷ በኖረችበት ግቢ እንዲህ ለስልሶ ያናገራት የለም።

«እትዬ፣ ሸቶዎታል እኮ። አዝነውላት ነው ንጹህ ያሏት፤ እናት አይደሉ? እኛ እንረዳለን። አሁን እውነቱን ይናገሩና ነገሩ ይለቅ። ሸቶዎታል፣ አይደል?»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶላት ነበር። «አዎ፣ አዝኜላት ነው» ማለት ብቻ። አፍንጫዋም ይኖራል፣ ወንበሯም ይኖራል፣ ቀያሿ ደግሞ በሠራችው ጥፋት ትሄዳለች፤ ደግሞም ጠጥታለች እኮ! እትዬ ሀ የአንቀጽን የለሰለሰ ፊት አየችና አንገሸገሻት። ጠርሙሱ እጇ ላይ ነው፤ ክፉ መሆኑን ታውቃለች፤ ወደ መስመሩ መልሺው ነው የሚላት። እስከ ዛሬ ያለፏት ጠርሙሶች አምልጠዋት ነው ብላ ራሷን አታላ ይሆናል። ይኼኛው ግን አላመለጣትም።

«አልሸተተኝም» አለች።

«እትዬ—»

«አልሸተተኝም አልኩህ፣ ደንቆሮ ነህ እንዴ?» ጮኸች። «ምንም አይሸተኝም! ካቻምና ከታመምኩ ወዲህ የሸተተኝ ነገር የለም። ብርጭቆውን በዓይኔ ነው የለየሁት። ልጅቷንም በዓይኔ ነው የከሰስኳት።»

ዲኗ እስኪርቢቶዋን መልሳ አነሳች። ከዚያ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቀች፤ እትዬ ሀ ስትፈራው የኖረችው ይሄንኑ ነበር።

«ከካቻምና ወዲህ ያስቀጧቸው ሌሎቹስ?»

«አንዳንዶቹ ጠጥተው ነበር» አለች እትዬ ሀ። «የትኞቹ እንደሆኑ አላውቅም።»

ቀያሿ ቦርሳዋን አነሳች። አሸንፋለች፤ ትመለሳለች፤ ፊቷ ላይ ግን የደስታ ምልክት አልነበረም። እትዬ ሀ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነበርኩ» አለች። «አቧራ፣ ንፋስ። እህል አልቀመስኩም፤ ርሃቡን በማስቲካ ነበር የማስታግሰው። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።» አንቺ አለቻት። እስከዚያ ቀን ማንም ተማሪ ፊት ለፊት አንቺ ብሏት አያውቅም።

«ደግመሽ እንድታሸቺኝ ስለምንሽ ለምን አላሸተትሽኝም?»

ልጅቷ መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች።

ሲመሻሽ ወንበሯን ከጥበቃ ክፍሉ ልትወስድ በሩ ጋ ሄደች። ወሬው ገና አልወጣም። ከከተማ የተመለሱት ተማሪዎች እንደ ልማዳቸው ተሰልፈው ቆመዋል፤ ፊታቸው ላይ የቆየው ጥላቻ አለ። ከፊት የቆመው ልጅ ሳትጠይቀው አፉን ከፍቶ «ሀ» አላት። ሙቀት ፊቷን ነካት።

«እለፍ» አለችው።

ሁለተኛዋ ወደፊት መጣችና አፏን ከፈተች። «አትበይ፣ እለፊ» አለቻት። ሰልፉ ግራ ተጋባ፤ ከዚያ ተገፋፍቶ ገባ። የጠጣም ያልጠጣም ገባ። እትዬ ሀ ወንበሯን ታቅፋ መንገዱ ዳር ቆማ አሳለፈቻቸው፤ አንድም ተማሪ ዞር ብሎ ደህና ያምሹ አላላትም።